ሕፃናት ቤተኛ የሚሆኑበት ማቆያ፦ የኒውዚላንድ ኮሃንጋ ሬኦ የጉዳይ ጥናት

የሕፃናት ማቆያዎች የባህል ብዝኃነትን ለማክበር ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት አንድ ቀን በመምረጥ ነው። በዚያ ቀን ልጆች የየቤታቸውን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ ግድግዳው በባንዲራ ያሸበርቃል፤ ይዘፈናል፤ ፎቶ ይነሣል፤ በማግሥቱ ክፍሉ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። እንዲህ ያለው በዓል ለልጆቹ ደስታ እንደሚሰጥ አይካድም። ከባዱ ጥያቄ ግን በቤቱ የሚሰማው ቋንቋና የሚያየው ሥርዓት በማቆያው ከሚጠብቀው የተለየበት ሕፃን በቀሩት ቀናት ሁሉ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነው የማኦሪ ሕዝብ ከ1982 ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን ምላሽ፣ ማለትም ኮሃንጋ ሬኦ (የቋንቋ ጎጆ) የተባለውን የሕፃናት ማቆያ፣ ምላሹ ወደ አገሪቱ የቅድመ ትምህርት ሰነድ የገባበትን መንገድና የገጠመውን እንቅፋት ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ሕፃን በማቆያው ውስጥ ቤተኛ ሊሆን የሚችለው ቤተሰቡ በዚያ ቤት የመወሰን ሥልጣን ሲኖረው መሆኑን ከማውቃቸው ሁሉ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

የጉዳዩ መነሻ

በ1840 የማኦሪ አለቆችና የብሪታንያ ዘውድ ተወካይ የዋይታንጊን ስምምነት ሲፈራረሙ የአገሩ ዋነኛ መነጋገሪያ የማኦሪ ቋንቋ ነበር። በ1867 የወጣው የተወላጆች ትምህርት ቤቶች ሕግ ግን በማኦሪ መንደሮች ለሚከፈቱት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ብዙ ልጆች በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ በእናታቸው ቋንቋ በመናገራቸው ተቀጥተዋል፤ ተገርፈዋልም። ያ ትውልድ አድጎ ወላጅ ሲሆን ልጆቹን ከዱላና ከውርደት ለማዳን ሲል በቤቱ እንግሊዝኛን መረጠ። እነዚህን ወላጆች ቋንቋቸውን ጣሉ ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ያደረጉትን ያደረጉት ልጆቻቸውን ስለሚወድዱ ነውና።

የኑሮው ለውጥም በዚህ ላይ ተጨመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አብዛኛው ማኦሪ በገጠር፣ በዘመዶቹ መካከል ይኖር ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን ከአምስቱ አራቱ ያህሉ የከተማ ነዋሪ ሆኖ ነበር። በከተማ ደግሞ የመንግሥት የቤት አሰጣጥ የማኦሪ ቤተሰቦችን በሌላው ነዋሪ መካከል በትኖ የማስፈር ዝንባሌ ስለነበረው፣ ልጅ በሰፈሩ ሲጫወት የሚሰማው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። በ1913 ከማኦሪ ተማሪዎች 90 በመቶ ያህሉ የሕዝባቸውን ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ በ1975 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወርዶ ነበር። በ1970ዎቹ በየቤቱ እየተዞረ የተካሄደው ሰፊ የቋንቋ ጥናትም ቋንቋውን አቀላጥፈው ከሚናገሩት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን፣ ትንንሽ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ግን ከቋንቋው እየራቀ መሄዱን አረጋገጠ።

ለቅድመ ትምህርት ባለሙያ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በዚያ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት ለማኦሪ ልጆች የነበራቸው አመለካከት ነው። በ1960ዎቹ ልጆቹ ወደ መዋዕለ ሕፃናት እንዲገቡ የተደረገው ግፊት በአብዛኛው የቤታቸው አስተዳደግ ጎዶሎ ነው፣ ይህንንም ጉድለት ትምህርት ሊሞላው ይገባል ከሚል አስተሳሰብ የመነጨ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት ሰዎች ቸር ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጫወቻውም የተሟላ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልጁ ከደጃፉ ጀምሮ የሚማረው አያቱ የምታውቀው ነገር በዚህ ቤት ዋጋ እንደሌለው ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ይህን በቃል አይገልጸውም፤ በቤቱ ቋንቋ ለጠሩት ዘመዶቹ በእንግሊዝኛ በመመለስ ግን ያሳየዋል።

በሴፕቴምበር 1972 ንጋ ታማቶአ የተባለው የወጣት ማኦሪዎች ንቅናቄና ተባባሪዎቹ ቋንቋው በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ የሚጠይቅ፣ ከ30,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለፓርላማ አቀረቡ። ከአቤቱታው የተገኘው ውጤት በትምህርት ቤቶች የቋንቋ ክፍለ ጊዜ መጨመሩ ነበር። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት ግን ተናጋሪ ትውልድ አያፈራም፤ ሽማግሌዎቹም ይህን ቀድመው ተረድተውት ነበር።

የመጀመሪያው ጎጆ

በወቅቱ ካራ ፑኬታፑ በሚመሩት የማኦሪ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ጥሪ ከ1979 ጀምሮ በተካሄዱት የሽማግሌዎች ጉባኤዎች ላይ የተደረሰበት ሐሳብ ለማስረዳት ቀላል ነበር፤ ለመፈጸም ግን ድፍረት ይጠይቃል። ቋንቋውን የሚያውቁት አያቶች ናቸው፤ ቋንቋ በቀላሉ የሚለምዱት ደግሞ ሕፃናት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ማዋል ነው። በኤፕሪል 1982 ከዌሊንግተን አቅራቢያ በምትገኘው በዋይኑዮማታ፣ ፑኬአቱዋ በተባለው ማዕከል፣ የመጀመሪያው ኮሃንጋ ሬኦ፣ ማለትም የቋንቋ ጎጆ፣ ተከፈተ። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ 100 የሚጠጉ ሌሎች ተከተሉት። መንግሥት የሰጠው የመቋቋሚያ ገንዘብ አነስተኛ ስለነበር ቤተሰቦች በመንደር መሰብሰቢያ ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች፣ አንዳንዶቹም በመኖሪያ ቤታቸውና በመኪና ማቆሚያቸው ጀመሩ። እንቅስቃሴውን በአገር አቀፍ ደረጃ ለማስተባበር ብሔራዊ ባለአደራ ድርጅት ተቋቋመ፤ ኢሪታና ታፊፊራንጊም ለረጅም ዓመታት ከመሪዎቹ አንዷ ሆነው አገለገሉ።

የእነዚህ ቤቶች ውሎ በቅርበት ሲታይ ከተለመደው ማቆያ የሚለየው በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ነገር አይደለም። ጠዋት ሕፃናቱና አዋቂዎቹ አብረው ተቀምጠው በጸሎትና በዝማሬ ይጀምራሉ። ከደጅ ወደ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚነገረው ማኦሪኛ ብቻ ነው፤ ይህ ደንብ ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን እናቱን፣ አባቱንና ጎብኚውን ጭምር ይይዛል። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ በሕዝባቸው ሥርዓት በዝማሬ ይቀበሉታል። በዕድሜ ተከፋፍለው በየክፍሉ ከመዋል ይልቅ ታላላቆቹ ታናናሾቹን እየረዱ፣ ወንድምና እኅት፣ የአጎትና የአክስት ልጅ አንድ ላይ ይውላሉ። አያት ታሪክ ስታወራ፣ ሕፃን ስታስተኛ ወይም ሁለት ልጆች በመጫወቻ ሲጣሉ ስትገላግል ያው ቋንቋ ነው የሚሰማው። ስለዚህም ልጁ ቋንቋውን የሚያገኘው ለመብላት፣ ለማኩረፍና ለመታረቅ በሚያስፈልገው ቦታ ሁሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ልጁ ራሱን እንዲያስተዋውቅ የሚሠለጥንበት መንገድ ነው። ፔፔሃ ይሉታል። ልጁ በሰው ፊት ቆሞ በመጀመሪያ የወገኑን ተራራ ይጠራል፤ ቀጥሎ ወንዙን፣ ቅድመ አያቶቹ ባሕር ያቋረጡባትን ታንኳ፣ ነገዱን፣ የመሰብሰቢያ ቤቱን ይጠራል፤ ስሙን ብዙ ጊዜ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። አራት ዓመት የሞላት የከተማ ልጅ ምናልባት በዓይኗ አይታው የማታውቀውን ተራራ የራሴ ብላ ስትጠራ፣ አያቷም ጎን ቆማ የተሳሳተውን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ስታቀናላት፣ ሕፃኗ ማን እንደሆነች ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደቆመች ታውቃለች። ባህልን በምግብና በልብስ ብቻ የሚያስተዋውቁ ማቆያዎች ልጆች ከየት እንደመጡ በካርታ ላይ ሊያሳዩአቸው ይችላሉ፤ የዚህ ዓይነቱን መተማመን ግን ሊሰጡአቸው አይችሉም፤ ይህን መስጠት የሚችለው ራሱ የወገኑ አካል የሆነና ልጁን በስሙ የሚያውቅ ሰው ነውና።

መሐል ያለው ትውልድ ወላጆቹ ነበሩ። ብዙዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁት ልጃቸው ቤት ይዞት የሚመጣውን ቃል ከልጃቸው ጎን ሆነው መማር ነበረባቸው። አዋቂ ሰው በሕፃናት ፊት መንተባተብ ያሳፍረዋል፤ በሕፃንነታቸው የሕዝባቸውን ቋንቋ በመናገራቸው የተገሠጹት ደግሞ ከኀፍረቱ በላይ ሕመም ነበረባቸው። ኮሃንጋ ሬኦ ይህን ሕመም ተቀብሎ ወላጆቹን በቤቱ አስቀመጣቸው። እያንዳንዱን ጎጆ የሚያስተዳድረው ቤተሰቡ ነው፤ ማኦሪዎች ፋናው ብለው የሚጠሩት፣ አያትን፣ አጎትን፣ አክስትንና ጎረቤትን ጨምሮ ሰፋ ያለው ቤተሰብ። የልጆቹን ውሎ የሚወስኑት፣ ሒሳቡን የሚይዙት፣ ቤቱን የሚያጸዱትና ሠራተኛ የሚመርጡት በስብሰባ እየተመካከሩ እነሱ ናቸው። በ1995 በጋራ የጸደቀው ቻርተራቸው ይህን በአራት ምሰሶዎች አጸናው፦ በቤቱ የሚነገረው ማኦሪኛ ብቻ መሆኑ፣ ውሳኔና አስተዳደር በቤተሰቡ እጅ መሆኑ፣ ተጠያቂነት፣ የልጁና የቤተሰቡ ጤንነትና ደኅንነት። ሒሳብ መዝገብ ይዘው ወይም ስብሰባ መርተው የማያውቁ ብዙ ወላጆች፣ በተለይም እናቶች፣ ይህን ሥራ የተማሩት በዚህ ቤት ነው፤ ከዚያም ወደ ሥልጠናና ወደ ሌላ ኃላፊነት ተሻግረዋል።

እንቅስቃሴው በፍጥነት ሰፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 800 የሚጠጉ ጎጆዎችና ወደ 14,000 የሚደርሱ ሕፃናት ነበሩ። አምስት ዓመት ሞልቷቸው ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የገቡት ልጆች ቋንቋውን በአጭር ጊዜ ሲረሱ ያዩ ወላጆች በ1985 በኦክላንድ በማኦሪኛ የሚያስተምር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1987 ማኦሪኛ በሕግ ከአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ሐሳቡም ከማኦሪ ሕዝብ አልፎ ሄደ፤ በኒውዚላንድ የሚኖሩ የሳሞአና የሌሎች የፓሲፊክ ደሴቶች ቤተሰቦች በየቋንቋቸው ማቆያ ከፈቱ፤ በሃዋይ በ1980ዎቹ፣ በሰሜን ፊንላንድ በሳሚ ሕዝብ ዘንድ በ1990ዎቹ ተመሳሳይ ጎጆዎች ተጀመሩ።

አንድ ወገን ብቻ የሚሰበሰብበት ቤት የብዝኃነት ምሳሌ ሊሆን አይችልም፣ ልጆችንም ይለያያል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሊናቅ የሚገባው ተቃውሞ አይደለም፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ብዙኃኑ ቋንቋውንና ልማዱን በየማቆያው ሲያገኝ ማንም መለያየት ብሎ አይጠራውም፤ የሚጠራው መደበኛ ብሎ ነው። ኮሃንጋ ሬኦ ለማኦሪ ልጅ የሰጠው ሌላው ልጅ ሳይጠይቅ የሚያገኘውን ነው። ከዚህም በላይ፣ የአገሪቱ ማቆያዎች በሙሉ የሚመሩበት ሰነድ የተገኘው ይህ ቤት ስለነበረ ነው።

ወደ አገር አቀፍ ሰነድ የተደረገው ጉዞ

በ1991 መንግሥት ለቅድመ ትምህርት አገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት እንዲዘጋጅ ሥራውን የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ለሆኑት ለሄለን ሜይና ለማርጋሬት ካር ሰጠ። የዘርፉ ባለሙያዎች ሥጋት ነበራቸው፤ የትምህርት ቤት ትምህርት ዓይነቶች ወደ ታች ተገፍተው የሕፃናትን ጨዋታ እንዳይውጡት ይፈሩ ነበር። አዘጋጆቹ በዚያን ጊዜ የወሰዱት እርምጃ የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። ከኮሃንጋ ሬኦ ብሔራዊ ባለአደራ ድርጅት ጋር በእኩልነት ለመሥራት ተስማሙ፤ ድርጅቱም ቲሊ ሪዲንና ታማቲ ሪዲን ወከለ። የሰነዱ መዋቅር የተገነባው እነሱ ባቀረቡት የማኦሪ አስተሳሰብ ላይ ሲሆን፣ የማኦሪኛው ክፍልም ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ሳይሆን ራሱን ችሎ የተጻፈ ነው። በ1993 ረቂቁ፣ በ1996 የመጨረሻው ሰነድ ወጣ። ስሙ ቴ ፋሪኪ፣ ማለትም የተሸመነ ምንጣፍ ነው፤ አራቱ መርሖዎችና አምስቱ ዘርፎች እርስ በርስ ተሸምነው ሁሉም ልጅ የሚቆምበት ወለል እንዲሆኑ ታስቦ የተሰጠ ነው።

ከአምስቱ ዘርፎች አንዱ ቤተኝነት ነው፤ ሌሎቹ ደኅንነት፣ አስተዋፅኦ፣ ተግባቦትና አሰሳ ናቸው። ቤተኝነት በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ከቋንቋና ከአሰሳ እኩል ዘርፍ መሆኑ ራሱ ትልቅ ውሳኔ ነበር። በ1996ቱ ሰነድ ለዚህ ዘርፍ አራት ግቦች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸውም ለተንከባካቢ ሰው የዕለት ሥራ የሚሰጡ ናቸው። የመጀመሪያው ልጁ ከቤተሰቡና ከሰፊው ዓለም ጋር ያለው ትስስር እንዲጸናና እንዲሰፋ ነው፤ ይህም ጠዋት ልጁን ይዞ የመጣው አያት ደጃፍ ላይ ቦርሳ አስረክቦ ከመመለስ ይልቅ ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታና የሚያዋየው ሰው ማግኘትን ይጠይቃል። ሁለተኛው ልጁ በዚህ ቤት የራሱ ቦታ እንዳለው እንዲያውቅ ነው፤ ስሙ ተቆርጦ ወይም ለአፍ እንዲመች ተለውጦ የሚጠራ ልጅ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሦስተኛው የቤቱ ልማድ፣ ሥርዓትና መደበኛ ክንውን እንዲመቸው ነው። አራተኛው ደግሞ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው ምግባር ወሰን የት እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።

ይህ አራተኛው ግብ ብዙ ሰው ከቤተኝነት ጋር አያይዞ የማያስበው ይመስለኛል፤ ትልቅ ማስተዋል ያለበት ግን እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ምንም ቢያደርግ በትዕግሥት ይታለፋል፤ የቤት ልጅ ግን ይመከራል፣ ይቆጡታል፣ ኃላፊነትም ይሰጠዋል። ከሌላ ባህል የመጣን ልጅ ላለማስከፋት ብለው ምንም የማይጠይቁት ተንከባካቢዎች በደግነት ውስጥ ሆነው ልጁን በእንግድነት ያቆዩታል። በሌላ በኩል ወሰኑ ከቤተሰቡ ጋር ሳይመከርበት ከተሠመረ፣ በቤቱ ጨዋነት የሆነው ነገር፣ ለምሳሌ ታላቅ ሰው ሲናገር ዓይን መስበር፣ በማቆያው እንደ ግዴለሽነት ወይም እንደ መሸሸግ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህም የመጀመሪያው ግብ ሳይሟላ አራተኛው በፍትሕ ሊፈጸም አይችልም።

የገጠመው እንቅፋት

ሰነድ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በየቤቱ መኖር ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ በሚሠሩት ማቆያዎች የትምህርት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በተለያዩ ዓመታት ባወጣቸው ግምገማዎች ብዙዎቹ ስለ ማኦሪ ባህልና ስለ ዋይታንጊ ስምምነት በመመሪያቸው መልካም ቃል እንደጻፉ፣ በተግባር ግን የሚታየው ጥቂት ሰላምታ፣ ጥቂት ዝማሬና አንዳንድ ጌጥ ብቻ እንደሆነ አመልክቷል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ሰነዱ የተሠራበት የሥልጣን ክፍፍል ወደ እነዚህ ማቆያዎች አብሮ አልወረደም፤ ቃሉ ሲገባ አያቶቹ ደጅ ቀሩ። መምህሯ ቅን ብትሆንም እንኳ የምታስተምረውን ባህል የሚያርማት ሰው አጠገቧ ከሌለ ከላይ ከላዩ ከመንካት አታልፍም።

በኮሃንጋ ሬኦ በኩል የነበረው እንቅፋት ሌላ መልክ ነበረው። አስተዳደሩ በ1990 አካባቢ ከማኦሪ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሲዛወር፣ ድጎማውም ቁጥጥሩም ለተለመደው ማቆያ በተሰፋ ልክ መመዘን ጀመረ። ቤተሰቡ ራሱ የሚመራው ቤት እንደ ወላጆች መሰባሰቢያ እንጂ እንደ መምህራን ተቋም ስለማይቆጠር የሚያገኘው ድጎማ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቋንቋውንና ሥርዓቱን ጠንቅቃ የምታውቅ አያት የመምህርነት ምስክር ወረቀት ስለሌላት ዕውቀቷ በመንግሥት ሚዛን አልተመዘነም። ብሔራዊ ድርጅቱ የራሱን የሦስት ዓመት ሥልጠና ቢያዘጋጅም ከሌሎች የመምህርነት ማዕረጎች እኩል የገንዘብ ዋጋ አላገኘም። ጉዳዩ በ2011 የዋይታንጊ ስምምነት ተጥሷል የሚሉ አቤቱታዎችን ወደሚመረምረው ዋይታንጊ አጣሪ ጉባኤ ሄደ፤ ጉባኤውም በ2012 ባወጣው ግኝት መንግሥት የኮሃንጋ ሬኦን ልዩ ጠባይ ባላገናዘበ የድጎማና የቁጥጥር ሥርዓቱ የስምምነቱን መርሖዎች እንደጣሰ አስታወቀ።

በዚያን ጊዜ የጎጆዎቹ ቁጥር ወደ 460 ገደማ፣ የሕፃናቱም ቁጥር ከ9,000 ብዙም ወደማይርቅ ወርዶ ነበር። በ1996 የሕዝብ ቆጠራ ከማኦሪ ሕዝብ ሩብ ያህሉ በቋንቋው መነጋገር እንደሚችል ሲገልጽ፣ በ2013 ይህ ወደ 21 በመቶ ዝቅ ብሏል። ለቁልቁለቱ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ቋንቋውን በአፍ መፍቻነት ያደጉበት አያቶች አንድ በአንድ አልፈዋል፤ ሁለቱም ወላጆች ደመወዝተኛ በሆኑበት ቤት በማቆያው ለመዋል ጊዜ ማግኘት ከብዷል፤ ሌሎች ማቆያዎችም በየአካባቢው በዝተዋል። ሁለተኛው ምክንያት ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ የዚህ አሠራር ጥንካሬ የቆመው በቤተሰቡ መገኘት ላይ ስለሆነ የቤተሰቡ ጊዜ ሲያጥር የሚጎዳው ራሱ ምሰሶው ነው። ሌላ ቦታ ይህን አሠራር ልከተል የሚል ማቆያ ሁሉ በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው የወላጆች የሥራ ሰዓትና የአያቶች መጓጓዣ ነው፤ የግድግዳው ማስጌጫ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቴ ፋሪኪ በ2017 ተሻሽሎ ሲወጣ በጋራ መዋቅር የተሳሰሩ ሁለት ሰነዶች ሆነ፤ አንደኛው ለአገሪቱ ማቆያዎች በአጠቃላይ፣ ሁለተኛው ለኮሃንጋ ሬኦ ብቻ የተጻፈ ነው። አምስቱ ዘርፎች በሁለቱም ጸንተዋል፤ ቤተኝነትም በቦታው ነው። የድጎማውና የሠራተኞቹ ደመወዝ ክርክር ግን ከአጣሪ ጉባኤው ግኝት በኋላም በድርጅቱና በመንግሥት መካከል ቀጥሏል።